ጣት ቢሮጥም ጆሮ ይፈርዳል

በአገራችን የቆየ ልማድ አለ። ሁለት ሰዎች በአንድ ሙያ ተክነው በአንድ አደባባይ የቆሙ እንደ ሆነ፥ ተመልካቹ ሥራቸውን አጣጥሞ ሳያበቃ «ማን በለጠ?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው በራሱ ክፉ አይደለም፤ በዓለም ላይ የሚበልጥም የሚያንስም አለና። ክፉው ነገር መለኪያው ሳይታወቅ ፍርዱ መፋጠኑ ነው። በተዛባ ሚዛን የተመዘነ ማር፥ ማሩ ንጹሕ ቢሆንም ዋጋው ሐሰት ነው። እኛም ዛሬ ብዕራችንን ያነሣነው ስለዚሁ ስለ ሚዛኑ ለመሟገት ነው። ሙግታችን ከማንም ሰው ጋር የግል ጠብ የለበትም፤ ከአንድ ስሕተት ጋር ብቻ ነው። ያም ስሕተት፥ ወደ ኋላ እንደምንናዘዘው፥ የራሳችንም ጭምር ነበር።

የምንኖረው በዋግ ኽምራ ደጋ፥ በጋዝጊብላ ወረዳ፥ በአስከተማ ነው። አመሻሹ ብርድ ስለሆነ፥ ከመሥሪያ ቤት ስንወጣ ከአንድ መምህር ወዳጃችን ቤት ቡና ተፈልቶ መሰባሰብ ልማዳችን ነው። ከዕለታት አንድ ቀን ሁለት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች መጥተው በእጅ ስልካቸው የያዙትን ፊልም አሳዩን። ፊልሙ ሦስት የሮክ ጊታር ሊቃውንት በአንድ መድረክ ላይ ሲጫወቱ የሚያሳይ ነበር።

ጉዳዩን ለማያውቀው አንባቢ በአጭሩ እንግለጸው። አሜሪካዊው የጊታር ባለ ሙያ ጆ ሳትሪያኒ እ.ኤ.አ. በ1996 «ጂ ስሪ» የተባለ የጉዞ ትርኢት ጀመረ። ሥርዐቱም ሦስት ስመ ጥር ባለ ጊታሮች በየተራ የየራሳቸውን ዜማ ካሰሙ በኋላ፥ በምሽቱ መጨረሻ ሦስቱም አብረው ወጥተው አንዱን ዜማ እየተቀባበሉ እንዲጫወቱ ነው። በመጀመሪያው ጉዞ ከሳትሪያኒ ጋር የነበሩት ስቲቭ ቫይና ኤሪክ ጆንሰን ናቸው። ልጆቹ ያሳዩን ግን እ.ኤ.አ. በ2003 በዴንቨር ከተማ የተቀረጸውን ነው፤ በዚህኛው በጆንሰን ፈንታ ስዊድናዊው ኢንግቬይ ማልምስቲን ይገኛል። ሦስቱም እ.ኤ.አ. በ1970 የሞተውን የጂሚ ሄንድሪክስን ዜማ አንሥተው በየተራ ሶሎ፥ ማለት አንዱ ከጓዶቹ ነጠል ብሎ የሚያሰማውን ጨዋታ፥ ሲጫወቱ ይታያሉ።

ክርክሩ ወዲያው ተነሣ። አንዱ ተማሪ «ማልምስቲን ሁሉንም ፈጃቸው፤ ጣቱ እኮ አይታይም» አለ። ሁለተኛው «ቫይ ይበልጣል» ብሎ ተሟገተ፤ ምክንያቱ ግን ያው ነበር፤ እርሱም ይፈጥናል ማለቱ ነው። በመጨረሻ መምህሩ ወዳጃችን ሲኒውን አስቀምጦ፥ «እናንተ ልጆች፥ ይህን ካያችሁ በኋላ የኛን መሰንቆ እንዴት ልትሰሙት ነው? ስድስት ክር ያለው እንዲህ ከሮጠ፥ አንድ ጭራ ያለው ምን ሊናገር ይችላል?» አለ። በቤቱ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኛ ግን ሳቁ አልመጣልንም። ያልሳቅንበትን ምክንያት ከመናገራችን በፊት፥ በመጀመሪያ ለተማሪዎቹ፥ ቀጥሎም ለመምህሩ መልስ እንስጥ።

ተማሪዎቹ ያላስተዋሉት ነገር፥ ሦስቱ ሰዎች የሚሠሩት ሥራ አንድ አለመሆኑን ነው። ማልምስቲን ከባኽና ከቫዮሊኑ ሊቅ ከፓጋኒኒ የቀሰመውን ስልት ወደ ጊታር ያመጣ ሰው ነው፤ ድምፆቹ እንደ በረዶ ተከታትለው ይወርዳሉ፥ ነገር ግን እያንዳንዱ ተለይቶ ይሰማል። ሳትሪያኒ በግራ እጁ ጣቶች ድምፅን ከድምፅ እያያያዘ እንደ ውኃ ያፈስሰዋል፤ ከሁሉ በላይ ግን ዜማው ሰው በአፉ ሊያንጎራጉረው የሚችል ነው። ቫይ ደግሞ በጊታሩ ላይ ባለው የብረት ዘንግ ክሩን እያላላና እያከረረ፥ እንደ ሰው ሲያስቀው፥ ሲያስለቅሰው፥ ሲያናግረው ይሰማል። በመጀመሪያው ጉዞ የነበረው ኤሪክ ጆንሰን በበኩሉ ለድምፅ ጥራት እጅግ የሚጨነቅ ሰው ሲሆን፥ ጊታሩን ቫዮሊን እስኪመስል ድረስ ያለሰልሰዋል። እንግዲህ አንዱ ይሮጣል፥ አንዱ ይዘምራል፥ አንዱ ይናገራል፥ አንዱ ያጠራል። እነዚህን አራት ሥራዎች በፍጥነት ብቻ መለካት፥ ገብስን በክንድ፥ ሸማን በቁና እንደ መስፈር ነው።

ሌላም ነገር አለ። ቫይ ገና ልጅ ሳለ ጊታር ያስተማረው ሳትሪያኒ ነው። መምህርና ደቀ መዝሙር በአንድ መድረክ ላይ ሲቆሙ፥ ደቀ መዝሙሩ የወጣው መምህሩን ለማሳፈር አይደለም፤ መምህሩም የጠራው ደቀ መዝሙሩን ለመቅጣት አይደለም። የዚህ ዓይነቱ ጨዋታ መልካም ሰዓቱ፥ አንዱ አንድ ሐረግ ጀምሮ ሲተወው፥ ሁለተኛው ያንኑ ሐረግ አንሥቶ በራሱ አነጋገር የሚመልስበት ነው። መጥፎ ሰዓቱም አንዱ ሲጨርስ ሌላው ያልሰማ መስሎ፥ ከቤቱ አዘጋጅቶ ያመጣውን ሩጫ የሚጀምርበት ነው። ልጆቹ ባሳዩን ፊልም ውስጥ ሁለቱም ዓይነት ሰዓት አለ። ሁለቱን ለይቶ የሚያውቅ ተማሪ ሙዚቃን መስማት ጀምሯል፤ የማይለይ ግን ፈረስ ጉግስ የሚያይ ይመስለዋል።

ይህን የመሰለ መደማመጥ ከዚያም በፊት ተሰምቷል። እ.ኤ.አ. በማርች 1971 በኒው ዮርክ ከተማ ፊልሞር ኢስት በተባለው አዳራሽ የኦልማን ወንድማማቾች ጓድ ባሳየው ትርኢት ዱዌን ኦልማንና ዲኪ ቤትስ የተባሉ ሁለት ባለ ጊታሮች ነበሩ። ዱዌን በጣቱ ላይ የመድኃኒት ጠርሙስ አጥልቆ ክሩን በማንሸራተት ድምፁን እንደ ሰው እንጉርጉሮ ያደርገው ነበር። ቤትስ ደግሞ ከአምስት ድምፆች ብሩህ የሆነ ዜማ ማውጣት ይወድድ ነበር። አንዳንድ ጊዜ ሁለቱ አንዱን ዜማ፥ አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ ብሎ አብረው ይሄዱበታል፤ ከዚያም ተለያይተው እያንዳንዱ በራሱ መንገድ ይጓዛል። ዱዌን በዚያው ዓመት በሞተር ብስክሌት አደጋ ሞተ፤ ቀረጻው ግን እስከ ዛሬ ይደመጣል። የሚደመጠውም ሁለቱ ስለ ሮጡ ሳይሆን ስለ ተደማመጡ ነው።

አምስት ድምፅ ስንል ለአገራችን አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። ትዝታ፥ ባቲ፥ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የምንላቸው ቅኝቶቻችን እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ የቆሙ ናቸውና። በጥቂት ድምፅ ብዙ መናገር አባቶቻችን ያስረከቡን ሙያ ነው። ስለዚህ «አንድ ጭራ ምን ሊናገር ይችላል?» ላለው ወዳጃችን የምንሰጠው መልስ ከዚህ ይጀምራል።

መሰንቆ በእርግጥ አንድ ጭራ ብቻ አለው፤ እርሱም ብዙ የፈረስ ጭራ በአንድነት ተሰብስቦ የተወጠረ ነው። አንገቱ ላይ እንደ ጊታር ድምፅን የሚከፋፍል ብረት የለውም። የተጫዋቹ ጣት ጭራውን ይነካዋል እንጂ ከእንጨቱ ጋር አያጣብቀውም። በዚህም ምክንያት በሁለት ድምፆች መካከል ያለው መንገድ ሁሉ ለተጫዋቹ ክፍት ነው። ቫይ በብረት ዘንግ፥ ዱዌን በጠርሙስ የፈለጉትን ማንሸራተት፥ የመሰንቆ ባለ ሙያ በባዶ ጣቱ ያገኘዋል። ዳሩ ግን መንገዱ ክፍት እንደ ሆነ መሳሳቻውም ክፍት ነው፤ ጣትን ከስሕተት የሚጠብቀው ብረት ሳይሆን ጆሮ ብቻ ነው። ይህን ስንል መሰንቆ ከጊታር ይበልጣል ማለታችን አይደለም። ጊታር ብዙ ድምፆችን በአንድ ጊዜ አስተባብሮ ያሰማል፤ መሰንቆ ይህን አይችልም። በዚህ ላይ ፉክክር መክፈት የተማሪዎቹን ስሕተት ሌላ ልብስ አልብሶ ማምጣት ነው።

አሁን ያልሳቅንበትን ምክንያት እንናዘዝ። በ2010 ዓ.ም. በአንድ የባህል ውድድር ላይ ከፈራጆቹ አንዱ ሆነን ተቀምጠን ነበር። በእጃችን በተሰጠን ወረቀት ላይ ለፍጥነት፥ ለአለባበስ፥ ለመድረክ አያያዝና ለሰዓት አጠባበቅ ነጥብ እንድንሰጥ ተጽፏል። ለማዳመጥ ግን የተመደበ ነጥብ አልነበረም። ተወዳዳሪው ብቻውን ይወጣል፥ በተወሰነለት አጭር ጊዜ ይጫወታል፥ ይወርዳል። ከወጡትም መካከል ዕድሜአቸውን ሙሉ በሠርግና በክርስትና ቤት ሲጫወቱ የኖሩ፥ በአማርኛም በኽምጣናም የሚገጥሙ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። እርሳቸው ወንበሩ ላይ ተቀምጠው መሰንቆአቸውን ቃኝተው ሳይጨርሱ ግማሹ ጊዜ አለፈ። ከዚያም ትንሽ ሞካከሩና ዝም አሉ። ሰዓቱ አለቀ ተባለ። መሰንቆአቸውን በጋቢአቸው ጠቅልለው ሲወርዱ ከፊታችን ቆም ብለው፥ «ልጆቼ፥ ማንን ልቀበል? ብቻዬን አስቀመጣችሁኝ» አሉን።

እኛም ወረቀቱን አይተን ዝቅተኛ ነጥብ ጻፍንላቸው፤ ፈረምንበትም። በሚቀጥለው ዓመት ስማቸው ከተመዝጋቢዎች መካከል አልነበረም።

በ2011 ዓ.ም. በጥር ወር እኒያኑ ሽማግሌ ከአንድ ሠርግ ቤት አገኘናቸው። በዳሱ ውስጥ ሃያ ዓመት ያህል ከሚሆነው ወጣት ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር፤ ወጣቱም በዚያ ውድድር እኛው ራሳችን ከሸለምናቸው አንዱ ነው። ልጁ መሰንቆውን ከእርሳቸው ጋር ሊያስማማ መቃኛውን ሲይዝ፥ «ተወው ልጄ፥ እኔ ወዳንተ እመጣለሁ» አሉትና የራሳቸውን ለወጡ። አምባሰልን አነሡ። ልጁ ጀመረ፤ በእርግጥም ፈጣን ነው፤ ደጋኑ እንደ ሸማኔ መወርወሪያ ይመላለሳል። ሽማግሌው ደጋናቸውን አንሥተው ጠበቁ። ልጁ ፋታ ሲወስድ፥ የጨረሰባቸውን ሦስት ድምፆች ብቻ አነሡና ቀስ አድርገው፥ የመጨረሻውን ዝቅ አድርገው መለሱለት። ዳሱ ጸጥ አለ። ልጁ ዓይኑን ከራሱ ጣቶች ላይ አንሥቶ ወደ ሽማግሌው አየ። ሁለተኛውን ዙር ሲይዝ ያነሱ ድምፆች ተጫወተ፤ ነገር ግን የበለጠ ተናገረ። ከተቀመጡት መካከል አንዲት እናት «ተቀበል!» ብለው ስንኝ ሰጡት፤ ልጁ የመጀመሪያውን ቤት አዜመ፥ ሽማግሌው ሁለተኛውን አከሉበት፤ በመካከሉ ሁለቱ መሰንቆዎች ነገሩን እየተቀባበሉ አሰፉት። በዚያ ሌሊት «ማን በለጠ?» ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ እኛም በወረቀታችን ላይ የጻፍነውን ነጥብ አስታውሰን አፈርን።

«ተቀበል» የምትለዋ ቃል የጨዋታውን ሕግ በሙሉ ይዛለች። ሰው ግጥም ይሰጣል፤ አዝማሪው ሰምቶ፥ ሰሙንና ወርቁን ለይቶ፥ ከዜማው ጋር አስማምቶ ይመልሳል። ያልሰማ ሊቀበል አይችልም፤ ያልተቀበለም የሚመልሰው የለውም። በየዓመቱ ነሐሴ አጋማሽ ላይ በሚከበረው በሻደይ በዓል ልጃገረዶቻችን ሲጫወቱም አንዷ ታወጣለች፥ ሌሎቹ ይቀበላሉ። ተቀባይ ያጣች አውጪ ድምፅዋ ምንም ቢያምር ጨዋታውን አታቆመውም። ስለዚህ ሁለት ባለ ሙያዎች አብረው ሲጫወቱ ልንጠይቅ የሚገባን ማን ብዙ ሰጠ ሳይሆን ማን በደንብ ተቀበለ ብለን ነው። ይህ ሚዛን ለዴንቨሩ ጊታርም ለአስከተማው መሰንቆም አንድ ነው።

የሚቃወሙን እንዳሉ እናውቃለን። አንዳንዶቹ «ፍጥነት ሙያ አይደለምን?» ይሉናል። ሙያ ነው፤ ለዚያም ብዙ ዓመት ልምምድ ያስፈልጋል። ነገር ግን አፈ ቀላጤ ሁሉ ጥሩ ተናጋሪ እንዳልሆነ ሁሉ፥ ጣተ ፈጣንም ሁሉ ጥሩ ተጫዋች አይደለም። ሌሎቹም «ውድድርና ሽልማት ከሌለ ወጣቱ መሰንቆ አይይዝም» ይላሉ። እኛም ሽልማቱ ይቅር አላልንም፤ ብቻውን የሚቀመጠው ሰው ይቅር ነው ያልነው። ደግሞ ሌሎች «ይህ ሁሉ ላለፈው ዘመን መቆዘም ነው» ይሉ ይሆናል። ለነዚህ መልሱን የሚሰጡት ሁለት የታወቁ ታሪኮች ናቸው።

በግብፅ የተወለደው የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል ዳብ እ.ኤ.አ. በ1963 ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ የተባለውን ጓድ በአዲስ አበባ ሲያቋቁም፥ በየክፍላተ ሀገሩ ለየብቻ ይመቱ የነበሩትን መሰንቆ፥ ክራር፥ ዋሽንትና በገና በአንድ ላይ አስቀምጦ እንዲደማመጡ አደረገ። ጓዱ በኋላ በተስፋዬ ለማ መሪነት እ.ኤ.አ. በ1969 እስከ አሜሪካ ተጉዞ ተጫውቷል። የሳክስፎኑ ሊቅ ጌታቸው መኩሪያም የአባቶቻችንን ሽለላ ከአርበኛው አንደበት ተቀብሎ በሳክስፎን መለሰው። እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ ዘ ኤክስ ከተባለው የሆላንድ የሮክ ጓድ ጋር «ሞአ አንበሳ» የተባለውን አልበም አወጣ። የዚያ ጓድ ባለ ጊታሮች ቴሪ ሄሰልስና አንዲ ሙር በሽለላው ላይ ለመሮጥ አልሞከሩም፤ ሻካራ በሆነ ድምፃቸው ከሥሩ ሆነው ተቀበሉት። ጌታቸው እ.ኤ.አ. በ2016 ዓረፈ፤ ሥራው ግን ሽለላና ሮክ ጊታር በአንድ ዳስ ሊቀመጡ እንደሚችሉ ምስክር ሆኖ ቀረ። ታዲያ ይህ መቆዘም ነውን?

ከክርክሩ ሁሉ በታች የተሸሸገ አንድ ነገር አለ፤ እርሱንም በግልጽ እንናገረው። ጊታር የያዘውን «አርቲስት» እንለዋለን፤ መሰንቆ የያዘውን ግን «አዝማሪ» ስንለው በቃሉ ውስጥ ንቀት እንጨምርበታለን። በሠርጋችን ቀን እንጠራዋለን፥ በማግሥቱ ልጃችንን አንድርለትም። የሚያስቀው አንዱ ጭራ ሳይሆን ይህ አመላችን ነው። በ1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ፥ የፋሺስት መንግሥት አሳድዶ ከፈጃቸው ሰዎች መካከል አዝማሪዎች ይገኙበታል። መሣሪያ ታጥቆ የመጣው ጠላት የአንዱን ጭራ ኃይል አውቆ ሲፈራው፥ የተማርን ነን የምንል እኛ «ምን ሊናገር ይችላል?» ብለን መጠየቃችን ያሳፍራል።

እንግዲህ ነቅፈን ብቻ እንዳንቀር የምናሳስበውን እንጻፍ። የባህል ውድድር የምታዘጋጁ ባለ ሥልጣኖች ሆይ፥ መሰንቆ ተጫዋቾችን ሁለት ሁለት አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ ቢቻል አንዱ ሽማግሌ ሌላው ወጣት ይሁን። የሚቃኙበትን ጊዜ ከጨዋታው ጊዜ አትቁጠሩባቸው፤ መቃኘት የጨዋታው መጀመሪያ ነውና። ሽልማቱንም ለሁለቱ በአንድነት ስጡ፤ ያን ጊዜ ወጣቱ ሽማግሌውን ከመቅደም ይልቅ መስማት ይጠቅመዋል። መምህራን ሆይ፥ ተማሪዎቻችሁ የውጭውን ጊታር ቢወዱ አትከልክሉ፤ ነገር ግን በአንድ ሳምንት ውስጥ ያንን ፊልም አሳይታችሁ፥ በሚቀጥለው ሳምንት አንድ የመንደር መሰንቆ ተጫዋች ወደ ክፍላችሁ ጥሩ፤ ለድካሙም ክፈሉት። ተማሪዎች ሆይ፥ ሽማግሌዎቹ በሕይወት ሳሉ በያዛችሁት ስልክ ቅረጹአቸው፤ ሲጫወቱ ብቻ ሳይሆን ሲቃኙና ሲያስተምሩም ጭምር።

በዚያ ምሽት ይህን ሁሉ ለወዳጃችን አላልነውም፤ ሠርጉን ብቻ ተረክንለት። ጥቂት ዝም አለና ልጆቹን ፊልሙን እንደ ገና እንዲከፍቱት አዘዛቸው። ስልኩን ተቀብሎ ግን ፊቱን ወደ ጠረጴዛው ደፋው። ጣቶቹን የሚያይ ሰው አልነበረም፤ ድምፁ ብቻ ቀረ። ትንሽ ቆይቶ የማልምስቲን ወገን የነበረው ተማሪ እጁን አንሥቶ፥ «እዚህ ላይ ጓደኛው ያለውን አልሰማውም» አለ። ልጁ ሚዛኑን አገኘ።

የውድድሩ ወረቀት ግን በመሳቢያችን ውስጥ አለ፤ ፊርማችንም በሥሩ ነው። እንደ ገና ከፈራጆች መካከል የተቀመጥን እንደ ሆነ፥ አስቀድመን የምንጠይቀው ስለ ሁለተኛው ወንበር ነው። ሁለተኛ ወንበር በሌለበት መድረክ ላይ ዳግመኛ አንፈርምም።